«ወንዶቹ የት አሉ?» ብዬ ነበር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ማይኩ ይሰማል አይደል? እዛ ኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ፣ ቡናው እስኪፈላ ነው፣ ብዙ አላቆያችሁም።

ዛሬ የካቲት 29፣ ማርች 8 አይደል፣ ኮሚቴው አንቺ ንግግር አድርጊ ሲለኝ ስለ ሴቶች ቀን ጥሩ ጥሩ ቃል እንድናገር ነው መሰለኝ፣ እኔ ግን አንድ የማፍርበትን ነገር ይዤ ነው የመጣሁት።

አምና ክረምት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ባለቤቴ ደረቱን ይዞ ወደቀብኝ። አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለ፣ መብራትም ጠፍቷል፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደወልኩ። በሩን ስከፍት ሁለት ሴቶች ቆመዋል፣ አንዷ ልጄን ታክላለች። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ምን መሰላችሁ፣ «ወንዶቹ የት አሉ?» ሴት ሆኜ! ባለቤቴን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ቀጭን ሰው አይደለም (እዩት እዛ ጋ ሲስቅ)።

ልጅቷ አልተቀየመችኝም፣ ለምዳዋለች መሰለኝ። «እማማ ጠንከር ያለ ወንበር አለ?» ብቻ አለችኝ። የኛ ደረጃ ስትሬቸር መዞሪያው ላይ አይታጠፍም፣ እዚህ ግቢ ሬሳ ሳጥን ያወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ወንበር ላይ አስቀምጠው በራሱ ጋቢ ወገቡን አሰሩትና አንዷ ከላይ አንዷ ከታች ሆነው ያዙት፣ ክብደቱ የሚያርፈው የታችኛዋ ላይ ነው፣ እሷ ደሞ ወደኋላ እየተራመደች ነው የምትወርደው፣ እኔ በስልክ አበራለሁ፣ እሷ በየደረጃው «አባባ አይዞዎት፣ አይንዎን አይክደኑ» ትለዋለች። ታች ስንደርስ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ትንፋሿ ሳይመለስ ኦክስጅኑን አደረገችለት።

ሲሻለው ፈልጌ አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት። ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ «እማማ እኛን ያስቸገረን ደረጃው አይደለም፣ ብሎካችሁን ማግኘት ነው»። እውነቷን ነው እኮ፣ እኔ በስልክ «ወፍጮ ቤቱ ጋ» እያልኩ ነበር፣ በሌሊት የተዘጋ ወፍጮ ቤት ማን ያውቀዋል? የብሎኩ ቁጥር ከለቀቀ ስንት ጊዜው። ሰፈራችንን ቱሉ ዲምቱን ለማያውቀው ሰው እኮ ሁሉም ፎቅ አንድ ነው። ፈጣን መንገዱ ከደጃችን ነው የሚጀምረው፣ አዳማ ድረስ ሳይጠፉ ይሄዳሉ፣ ከዛ ግቢያችን ውስጥ ይጠፋሉ።

907 ላይ ስልክ የምታነሳ ጓደኛዋ የነገረቻትንም ነገረችኝ፣ የሴት ድምፅ ሲሰማ ሊጀነጅናት የሚደውል አለ። ልጆቻችንም ለጨዋታ ይደውላሉ። ያ መስመር ሲያዝ ሌላ ቦታ አንዱ ልጁ የድንጋይ ካባ ውሃ ውስጥ ገብቶበት እየደወለ ይሆናል። ክረምት ሲመጣ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ ሁሉ እንዴት እንደሚሞላ እናንተ አታጡትም። እሳት ሲነሳ 939 የምንደውልላቸውም ጋር ሴቶች አሉ፣ እነሱንም ወንዶቹ የት አሉ እንዳትሏቸው።

ታሪክ አስተማሪ ነበርኩና ይቺን ታገሱኝ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በ1927 ተቋቋመ፣ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን መጣ። ያኔ ስንዱ ገብሩ ጎሬ በኩል ጣሊያንን ከሚዋጉት አርበኞች፣ ከጥቁር አንበሶች ጋር ሆና በቀይ መስቀል ሥራ ላይ ነበረች፣ ተይዛ ጣሊያን አገር ታሰረች፣ በኋላ ፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ደግሞ በስደቱ ጊዜ ለንደን ነርስነት ተምራ መጣች። እንግዲ ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው እኔ በሬ ላይ ቆሜ ያንን የጠየቅኩት።

እንግዶቻችን የአምቡላንስ ልጆች ዛሬ ከሥራ ወጥተው ሳይተኙ ነው የመጡት፣ ስለዚህ ጭብጨባውን አሳጥሩላቸው። ቀለሙን ኮሚቴው ገዝቷል፣ ነጭና ቀይ፣ መሰላሉን ከብሎክ 14 ተውሰናል። ቡና ጠጥተን ወጣቶቹ የብሎኮቹን ቁጥር ግድግዳው ላይ እንደገና ይጽፋሉ። እናንተ ልጆቼ ደግሞ አንድ ዙር አብራችሁን ዙሩና በሌሊት በመኪና መብራት የሚታያችሁ የቱ ግድግዳ እንደሆነ አሳዩን። አቦል ቀርቧል መሰለኝ፣ ኑ።