«ልጄ ደም መቅዳት ለምዷል»፦ ስለ ክረምት የባዮሎጂ ልምምድ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰኔ ሲገባ የስቱዲዮው ስልክ ፋታ አይሰጥም። ትምህርት ሊዘጋ ነው። ወላጅ ልጁን የት እንደሚያውል ይጨነቃል፤ ልጁ ደግሞ ነጭ ጋውን አምሮታል። እኔ ከ30 ዓመት በላይ ላብራቶሪ ውስጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። በየዓመቱ የሚጠየቀው ያው ነው፣ የምመልሰውም ያው ነው። ቅዳሜ የተነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። ሰዓት አልቆ የዋጥኩትንም ጨምሬበታለሁ።

ከሳሪስ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ባዮሎጂ በጣም እወዳለሁ። በክረምት ላብራቶሪ ገብቼ መለማመድ እፈልጋለሁ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚቀበለው የቱ መሥሪያ ቤት ነው?»

የኔ ልጅ፣ እውነቱን ልንገርሽ። አፓረንት የሚባለው፣ መሥሪያ ቤት ገብቶ የሚሠራ የተማሪ ልምምድ፣ የተሰፋው ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልክ ነው። ለአንቺ ዕድሜ «ማመልከቻ እዚህ አስገቢ» የሚል መስኮት ብዙም አታገኚም። ስለዚህ በር ማንኳኳት ነው። ከትምህርት ቤትሽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አጽፊ። ደብዳቤው «ለሁለት ወር ልምምድ» አይበል፤ «ለአምስት ቀን ሥራችሁን እንድታይ» ይበል። አምስት ቀን የጠየቀ ይገባል። ከዚያ ሥራ ካልፈታሽና ካላስቸገርሽ «ሰኞም ነይ» ይሉሻል። ብዙ ልጆች የገቡት እንደዚህ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ አለርት አጠገብ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ነው። ሌላው ሰፈሩ ሁሉ «ፓስተር» የሚለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። ሁለቱም ትልቅ ቤት ናቸው። አርማወር ሐንሰን በ1970 በአውሮፓ አቆጣጠር ለሥጋ ደዌ ምርምር ተብሎ ነው የተቋቋመው፤ ስሙን ያገኘው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም ነው። ዛሬ ሳንባ ነቀርሳም ይጠናበታል። እንግዲህ የሳንባ ነቀርሳ ናሙና ያለበት ክፍል የ17 ዓመት ልጅ ዘው ብላ እንድትገባ የሚፈቅድ ጤነኛ ኃላፊ የለም። ቢከለክሉሽ አትቀየሚያቸው።

እኔ የምመክርሽ ሌላ ነው። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ፤ የአገሪቱ ዕፅዋት ደርቀው፣ ስም ወጥቶላቸው የተቀመጡበት ቤት ነው። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ነው፤ የእግር ጉዞውን ከቻልሽው። ከ1976 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የገበሬውን ዘር ሰብስቦ በቅዝቃዜ የሚያቆይ የጂን ባንክም አለን፤ አሁን የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ነው። በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከላትም ጠይቂ፤ እነሱ የተከፈቱት ለእናንተው ለተማሪዎች ነው። እነዚህ ቦታዎች አንድ የምወድላቸው ነገር አለ። ቅጠል ኤችአይቪ አያስተላልፍም።

ደግሞ ደብተር ያዢ። በእስክርቢቶ ጻፊ፣ በእርሳስ አይደለም። ይሄን ዛሬ ስንት ጊዜ እንደምለው ቁጠሩልኝ።

ከመገናኛ፦ «ከክፍል አንደኛ መውጣት ግዴታ ነው?»

አይደለም። ሰዓት ማክበር ግን ግዴታ ነው።

ከአዳማ የደወሉ አባት፦ «ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። የአጎቱ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ክረምቱን ያሳልፋል። ባለፈው ዓመት ደም መቅዳት ለምዷል፤ ሠራተኞቹ እንኳን ያደንቁታል። ዘንድሮ ምን ብናስጨምርለት ይሻላል?»

አባዬ፣ ኩራትዎ ከድምፅዎ ይሰማል። እግዜር ያሳድግልዎት። አሁን ግን ልቆጣዎት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ምንም አይጨመርለት። ይቀነስለት። መርፌው ዛሬውኑ ከእጁ ይውጣ።

በየዓመቱ እንዲህ ያለ ስልክ ይመጣልኛል፤ ሁሉም የሚነገረኝ እንደ ብሥራት ነው። «ልጄ ደም ይቀዳል»፣ «ልጄ መርፌ ይወጋል»፣ «ልጄ ብቻውን ወባ ይመረምራል»። የአጎት ክሊኒክ ነዋ! አጎት ደግሞ እምቢ አይልም። ሠራተኛ ያንሰዋል፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ልጁ ቀልጣፋ ነው። ሁሉም ደስ ይለዋል። ያልተጠየቀው በሽተኛው ብቻ ነው። ክንዱን ዘርግቶ የተቀመጠው ሰውዬ መርፌውን የያዘው የ10ኛ ክፍል ተማሪ መሆኑን ቢያውቅ እጁን ይሰጥ ነበር? እርስዎስ ይሰጡ ነበር?

ወደ ልጁ ልምጣ። ሄፓታይተስ ቢ፣ ያ ሰው «የወፍ በሽታ» ከሚለው ጋር የሚያያዘው የጉበት ቫይረስ፣ አገራችን ውስጥ በብዛት አለ። ያልተከተበ ሰው ይህ ቫይረስ ያለበት ደም በነካው መርፌ ቢወጋ፣ ከ100 ጊዜ ከ6 እስከ 30 በሚሆነው ይይዘዋል። ሄፓታይተስ ሲ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ኤችአይቪ ከ1000 ወደ 3 ነው። አያችሁ? የምንፈራውና የሚያገኘን አንድ አይደሉም። ሄፓታይተስ ቢ ጠረጴዛ ላይ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳን ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ልጁ ያን ጠረጴዛ በክርኑ ተደግፎ ሳንድዊች ይበላል።

መርፌ የሚወጋው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሲቀዳ ብቻ አይደለም። ከተቀዳ በኋላ ክዳኑን መልሶ ሲገጥምም ነው። ክዳን አይመለስም! መርፌው እንደተነቀለ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ፣ ያገለገለ መርፌ መጣያ ሳጥን፣ ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል፤ በእጅ ተጭኖ ቦታ አይፈጠርለትም። ይሄን የሚያውቁ የሠለጠኑ ሰዎች እንኳን ይሳሳታሉ። ልጅ ደግሞ ሲደነቅ ይፈጥናል፤ የፈጠነ ይሳሳታል።

እኔስ? እኔ በተማሪነቴ ፒፔት፣ ፈሳሽ የሚለካበትን ቀጭን ቱቦ፣ በአፌ ስስብ የነበርኩ ሰው ነኝ። ያኔ እንደ ቀልድ ነበር የሚታየው፤ እንደ ስትሮ ይሳባል። አንድ ቀን አሳለፍኩትና የሰው ሴረም፣ ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ፣ አፌ ገባ። ጨዋማ ነው። የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለወራት ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ በመስታወት አይ ነበር። ምንም አልሆንኩም፤ ይሄ ግን ዕድል ነው እንጂ ጉብዝና አይደለም። ዛሬም በአፉ የሚስብ ሰው ያለበት ላብራቶሪ ካያችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሕጉም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ይለዋል፤ ለጤናው አደገኛ የሆነ ሥራ ላይ እንዳይሰማራም ይከለክላል። «እሱ ሠራተኛ አይደለም፣ እየተማረ ነው» ትሉኛላችሁ። መርፌው ይሄን ልዩነት አያውቅም።

ታዲያ ልጁ ክሊኒክ አይሂድ? ይሂድ። የሚሠራው ሞልቷል። ከደም ጋር ያልተነካኩ ስላይዶችን ይደርድር። የማቀዝቀዣውን ሙቀት ጠዋትና ማታ ይመዝግብ። ማይክሮስኮፕ ማስተካከል ይልመድ፤ ተዘጋጅቶ የደረቀ የወባ ስላይድ ባለሙያው አጠገቡ ሆኖ ያሳየው። የበሽተኛ ስምና ውጤት ግን ፎቶ አንስቶ ቲክቶክ ላይ እንዳይለቅ። በጓንት እጁ ስልኩን እንዳይነካ። ጋውኑን ለብሶ ታክሲ እንዳይሳፈር፤ ያ ጋውን ለሰው መታያ አይደለም፣ የዋለበትን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

የክትባት ካርዱንም ፈልጉ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን ለሕፃናት በምትሰጠው የአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ አለ። መከተቡን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ትልቅ ሰው ሲከተብ ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ስለዚህ ለዘንድሮ ክረምት ዛሬ ብትጀምሩ አትደርሱም።

አባዬ፣ ረዘመብዎ መሰለኝ። ለአጎትየው ሰላም በሉልኝ። እሱንም ለብቻው እቆጣዋለሁ።

በአጭር መልእክት፣ ቦታው ያልተጠቀሰ፦ «እኔም ክሊኒክ ነው የምሠራው። ትናንት ማታ መርፌ ወጋኝ። ትንሽ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ላድርግ?»

ይሄ መልእክት የገባው ከላይ ያለውን እያወራሁ ነው። ወረፋ አላስጠበቅሁትም።

ልጄ፣ ሬዲዮውን ዝጋና ሂድ። ካልታጠብክ ቁስሉን በወራጅ ውኃና በሳሙና ታጠብ። አትጭመቀው፣ በረኪና አታድርግበት። ከዚያ ሆስፒታል ሄደህ «መርፌ ወጋኝ» በላቸው። ኤችአይቪ እንዳይዝህ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ 28 ቀን ይወሰዳል። ከ72 ሰዓት ካለፈ አይጀመርም፤ ቶሎ ሲሆን ነው የሚሠራው። «ገና ሁለት ቀን አለኝ» ብለህ እንዳትቆጥር። ለጉበቱም ክትባት ሊያስፈልግህ ይችላል። መርፌው የማን እንደነበር ከታወቀ ንገራቸው። ማንም አይቆጣህም። የሚቆጣ ካለ እኔ ጋር ይደውል። ከዚህ በላይ በሬዲዮ የምነግርህ የለኝም፤ ሐኪም ፊት ቁጭ በል።

ከሲኤምሲ፣ እናት፦ «አንድ ድርጅት 8000 ብር ከከፈልን ለልጃችን የባዮሎጂ ኢንተርንሺፕና ሰርተፍኬት እንደሚሰጥ ነግሮናል። እንክፈል?»

ለሰርተፍኬት ከሆነ ማተሚያ ቤት ይረክሳል። አትክፈሉ።

ለኮርስ መክፈል ሌላ ነገር ነው፤ አስተማሪ አለ፣ ክፍል አለ። «ልምምድ» ብሎ ብር የሚጠይቅን ግን ሦስት ነገር ጠይቁት። ልጄ የሚውለው የትኛው ላብራቶሪ ነው? ኃላፊው ማነው? ሄጄ ላየው እችላለሁ? ሦስተኛው ላይ ይንተባተባሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ በስልክ የገቡ እህትም ይሄንኑ በዶላር ጠየቁኝ፤ እዚያ የክረምት ፕሮግራሙ ሺዎችን ያስከፍላል አሉ። እህቴ፣ አሜሪካም ቢሆን ደንቡ ያው ነው። በጣም ከሚፈለጉት ፕሮግራሞች ለትምህርቱ ገንዘብ የማይቀበሉ አሉ። ለምሳሌ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በየክረምቱ የሚካሄደው አርኤስአይ የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የምርምር ፕሮግራም ከ1984 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ አለ፤ ትምህርቱም፣ ማደሪያውም፣ ምግቡም ነፃ ነው፣ መጓጓዣ ብቻ ነው የራስ። መግባቱ ከባድ ነው እንጂ መክፈሉ አይደለም። ውድ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል የሚል ሰው ካለ እሱ ሻጭ ነው። የልጅዎን የትምህርት ቤት አማካሪ ያነጋግሩ፤ ደሞዝ የሚበሉት ለዚህ ነው።

ከደብረ ብርሃን፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፦ «እኛ ጋ ላብራቶሪ የለም። ትምህርት ቤታችን ያለው ማይክሮስኮፕም ተቆልፎበታል። እኔ ምን ልሥራ?»

ይሄን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። የተቆለፈ ማይክሮስኮፕ የሌለበት ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም፤ ቁልፉም ሁልጊዜ በዝውውር በሄደ መምህር ኪስ ነው።

አንተ ያለህበት አገር ራሱ ላብራቶሪ ነው። ከአንተ ብዙ ሳይርቅ አንኮበር አለ። በስሙ የምትጠራ ትንሽ ወፍ አለች፣ አንኮበር ሴሪን። ከኢትዮጵያ ውጪ የለችም። የዓለም ሳይንስ ያወቃት በ1970ዎቹ ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። እስቲ አስበው፤ እረኛው ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ከዘመናት በፊት አይቷታል። ያልነበረው ነገር አንድ ነው። የጻፈ ሰው።

ስለዚህ ደብተር። በእስክርቢቶ። ከቤትህ ጓሮ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ በአራት ችካልና በገመድ ከልል። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ሂድና ያለውን ሁሉ ቁጠር፤ ሣሩን፣ ጉንዳኑን፣ ትሉን። ቀንና ሰዓት ጻፍ፣ ዝናብ መዝነቡን ጻፍ። ስሙን ካላወቅህ ሳለው፣ የአያትህንም ስም ለዕፅዋቱ ጠይቃቸው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሳታቋርጥ ከያዝክ፣ ያን ደብተር ይዘህ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ሂድ። እኔ ብሆን ከሰርተፍኬት ክምር በፊት እሱን ነው የማነበው። ስታጠፋ በአንድ መስመር ሰርዘው እንጂ አትፋቀው። እርሳስ የምከለክለው ለዚህ ነው።

ከጀሞ፣ ተማሪ፦ «ዩቲዩብ ላይ አይቼ ከሽንት ቤት እጀታ ባክቴሪያ ወስጄ ቤት ውስጥ በጄላቲን አሳድጌያለሁ። አሁን ብዙ ሆኗል። ከፍቼ ላሽተው?»

አታሽተው! አትክፈተው። የት ነው ያስቀመጥከው? ፍሪጅ ውስጥ እንዳትለኝ።

ምን እንዳበዛህ አታውቅም። ከአንድ ጀርም የከፋው ሚሊዮን የሆነው ነው። የጎማ ጓንት አድርግና እንደተዘጋ በረኪና ያለበት ባልዲ ውስጥ ንከረው፤ ክዳኑን የምታላቅቀው በረኪናው ውስጥ ሳለ ነው። ሲያድር በላስቲክ ቋጥረህ ጣለው። ለእናትህም ንገራት። ሕያው ነገር ማሳደግ ካማረህ እርሾ አለልህ። የእንጀራ እርሾ ውስጥ ያለው ዓለም ከሽንት ቤቱ ይበልጣል፤ በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚነፋ ለካ። ሲሰለችህም ይጋገራል።

ከፒያሳ፦ «12ኛ ክፍል ነኝ። ከማትሪክ ጋር ጎን ለጎን ልምምድ ብጀምርስ?»

ፈተናሽን ጨርሺ።

ከኮልፌ፣ ተማሪ፦ «ደም ሳይ ራሴን ያዞረኛል። አንዴ ወድቄያለሁ። ባዮሎጂ ለኔ አይሆንም ማለት ነው?»

ይሆናል እንጂ። ደም የማያይ ባዮሎጂስት ሞልቷል፤ አፈርና ዘር፣ ዓሣና ንብ የሚያጠናው ሁሉ። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሳምንት ወንበር ይዤ ነው የቆምኩት። ሲጀምርህ ቁጭ በል ወይም ተጋደም፤ ጀግና ለመሆን ቆመህ አትቆይ። ደም ሳታይም የምትወድቅ ከሆነ ግን ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም። ልብህንም ደምህንም የሚያይልህ ሐኪም ጋ ሂድ።