ከሞተሩ በፊት ቀበቶው፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ መካኒኮች፣ የትራክ ሠራተኞች፣ እንዲሁም በውድድር ቀን ልባችሁ ተሰቅሎ የምትውሉ ቤተሰቦች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የሒሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው። የውድድር ውጤቱን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ዘልዬ ስለ አንድ ነገር ብቻ ላውራ፦ የፎርሙላ መኪናችን፣ ያ ጎማው ያልተሸፈነ የአንድ ሰው የውድድር መኪና፣ አጥር ሲመታ ውስጡ ያለው ሰው ምን ይሆናል? የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጋራዥ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። «የፎርሙላ መኪና ድሮ ነው ሰው የሚገድለው፤ ግሮዣንን አላየህም እንዴ?» ይሉኛል። አይቻለሁ። በ2020 ባህሬን ላይ የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪው ሮሜን ግሮዣን ገና በመጀመሪያው ዙር በሰዓት 192 ኪሎ ሜትር የብረት አጥር መታ። መኪናው ለሁለት ተገመሰ፣ የፊቱ ክፍል አጥሩን ሰንጥቆ ገባ፣ እሳት ተነሣ። በሰውነቱ ላይ ያረፈው ኃይል 67 ጂ ደርሷል፤ የራሱን ክብደት 67 እጥፍ ማለት ነው። በ27 ሰከንድ ውስጥ ግን ማንም ሳያወጣው ራሱ ወጣ። ግራ እግሩ ተይዞበት ስለነበር ጫማውን እዚያው ትቶ ነው የመዘዘው። እጆቹ ተቃጠሉ፣ ነፍሱ ተረፈች።

አሁን ያተረፉትን ነገሮች እንቁጠር። መጀመሪያ የካርቦን ፋይበር ቀፎው ነው። የማክላረን ቡድን በ1981 ይዞት የመጣ ጊዜ ብዙ ሰው ሲመታ እንደ ብርጭቆ ይበተናል ብሎ ፈርቶት ነበር። ቀጥሎ ከ2018 ጀምሮ ፎርሙላ 1 ላይ ግዴታ የሆነው፣ ከራሱ በላይ የነበረው የቲታኒየም ሃሎ ነው፤ ጭንቅላትን የሚከላከል ቅስት ማለት ነው። ከኋላ የሚከተለው የሕክምና መኪናም አለ። ያ መኪና የመጀመሪያውን ዙር መከተል የጀመረው ተወዳዳሪው ሮኒ ፒተርሰን በ1978 ሞንዛ ላይ ከደረሰበት አደጋ በኋላ፣ በፎርሙላ 1 ሐኪሙ በፕሮፌሰር ሲድ ዋትኪንስ ግፊት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የእኛ መኪና የትኛው አለው? አብዛኞቻችን የምንነዳው ከብረት ቱቦ የተበየደ ሻንሲ፣ ማለትም የመኪና አጽም ነው። ፎርሙላ ቪ የሚባለው የውድድር ዓይነት የተጀመረው በ1963፣ ፎርሙላ ፎርድ የሚባለው ደግሞ በ1967 ነው፤ መኪኖቻችን ከእነዚያ አይርቁም። የአንዳንዶቻችን እግር ከፊት ጎማዎች መስመር ቀድሞ ነው የሚቀመጠው። ፎርሙላ 1 ይህን አቀማመጥ የተወው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሃሎም ቢሆን ገዝተን በብሎን የምናስረው ዕቃ አይደለም። የፎርሙላ 1 ሃሎ ከላይ 12 ቶን ገደማ እንዲሸከም ተደርጎ ነው የሚፈተነው፤ የእኛ ቱቦ ሃሎውን ይዞ ራሱ ይታጠፋል።

ነገር ግን ግሮዣን ሌላም ነገር ነበረው። በልኩ የተሠራ መቀመጫ፣ የጠበቀ ቀበቶ፣ የአንገት መከላከያ፣ ሄልሜት፣ እሳት የሚቋቋም ልብስ፣ ከኮክፒት፣ ማለትም ነጂው ከሚቀመጥበት ጠባብ ቦታ፣ የመውጣት ልምምድ። እነዚህ አንድም ሳይቀር በእኛ አቅም የሚገኙ ናቸው። ቅሬታዬም እዚህ ጋ ነው። ከእሱ ዕቃዎች ልንይዝ የምንችለው ግማሹን ነው፤ ያንንም ግማሽ አጉድለን ነው የምንይዘው። በዙር ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ለማግኘት ሞተር የሚያወርድ አባል፣ ቀበቶው ላይ ያለውን ቀን አንብብልኝ ስለው ይስቃል።

ትንሽ ሒሳብ ልጨምር፤ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው፣ አትደንግጡ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሜትር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢቆም አማካዩ ኃይል 79 ጂ ገደማ ይሆናል። አንድ ሜትር ብትሰጡት ወደ 39 ይወርዳል፤ ሁለት ሜትር ብትሰጡት 20 ይሆናል። ፍጥነቱም ሰውዬውም ያው ናቸው፤ የተለየው ለመቆም ያገኘው ርቀት ነው። ከአጥር ፊት የጎማ ክምር የምንደረድረው ለዚህ ነው። ክምሩ ሲላላና ማሰሪያው ሲበጠስ አይታችሁ ዝም አትበሉ።

ሰውነታችን ግን ከምናስበው በላይ ይችላል። አሜሪካዊው የአየር ኃይል ሐኪም ጆን ስታፕ በ1954 በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ላይ ራሱን አስሮ 46 ጂ ቀምሷል። እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ዴቪድ ፐርሊ ደግሞ በ1977 ሲልቨርስቶን ላይ የነዳጅ መስጫው ተጣብቆበት ከ173 ኪሎ ሜትር ወደ ዜሮ የወረደው በ66 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ወደ 180 ጂ ተሰልቶለታል። አጥንቱ ብዙ ቦታ ተሰባበረ፤ ግን ኖረ፣ ተመልሶም ተወዳደረ። ሁለቱም ከመቀመጫቸው ጋር በደንብ ታስረው ነበር። የላላ ቀበቶ ያለው ሰው መኪናው ከቆመ በኋላም እየተጓዘ ነው፤ ያንን የቀረውን ፍጥነት የሚጨርሰው መሪው ላይ ነው።

ስለዚህ ቀበቶው ላይ ትንሽ እንቆይ። እኛ የምንቀመጠው ተንጋለን ነው። ተንጋሎ የተቀመጠ ሰው ከፊት ሲመታ ከወገብ ቀበቶው ሥር ሾልኮ መውጣት ይፈልጋል። በእግር መሀል የሚያልፉት ማሰሪያዎች ሥራቸው ይህን ማስቆም ነው፤ «ይቆረቁረኛል» ብሎ የሚያላላቸው ሰው በሆዱ ላይ ፈርዷል። የወገቡ ቀበቶ የሚያርፈው በዳሌ አጥንት ላይ ነው፣ ዝቅ ብሎ። ሆድ ላይ ካረፈ አንጀትና ጉበት ነው የሚጨምቀው። የትከሻዎቹ ማሰሪያ ከትከሻ በታች ከታሰረ ደግሞ ሲመታ ወደ ታች ይጎትታል፣ አከርካሪን ያደቅቃል። መጀመሪያ ወገቡን አጥብቁ፣ ከዚያ ትከሻውን። ያለ ረዳት የሚያጠብቅ አባል ካለ በቂ አላጠበቀም፤ በፎርሙላ ኮክፒት ውስጥ ክርን የሚንቀሳቀስበት ቦታ የለማ።

ቀኑስ? የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን የኤፍአይኤ ማረጋገጫ ያለው ቀበቶ የአምስት ዓመት ዕድሜ አለው፤ የአሜሪካው ደረጃ አውጪ የኤስኤፍአይ ደግሞ የሁለት ዓመት። ጨርቁ በፀሐይ፣ በላብና በዘይት ይደክማል፣ ድካሙም በዓይን አይታይም። በግጭት ጊዜ ደግሞ ቀበቶ ይለጠጣል፤ ሥራውን የሚሠራው በመለጠጥ ስለሆነ። አንዴ የተለጠጠ ቀበቶ ሥራውን ጨርሷል። አደጋ ካየ መኪና ላይ ፈትቶ ለጓደኛ መሸጥ ምን እንደሚባል እናንተው ጥሩት።

መቀመጫውም እንደዚያው ነው። የሶፋ ስፖንጅ ከጀርባችሁ አታድርጉ። ለስላሳ ነገር መጀመሪያ ይሰምጣል፣ ከዚያ ጀርባችሁ ፍጥነት ይዞ ብረቱን ያገኘዋል። በሰውነታችሁ ልክ የሚፈሰው ጠንካራ ፎም ግን እኩል ይደግፋል። ከተሠራ በኋላ ሄልሜት አድርጋችሁ፣ ታስራችሁ፣ ከፊተኛው ቅስት እስከ ዋናው ሮል ባር፣ መኪና ሲገለበጥ ጭንቅላትን እስከሚጠብቀው ብረት ጫፍ ድረስ፣ ቀጥ ያለ እንጨት ይዘርጉላችሁ። ሄልሜቱ ከእንጨቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ረጃጅሞቻችን ይህን ፈተና ስለማይወዱት ነው መሰለኝ እንጨቱ ሁልጊዜ የሚጠፋው።

አሁን ወደ አንገት። ጭንቅላትና ሄልሜት አንድ ላይ ስድስት ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናሉ። በ40 ጂ ሲመታ ያ 260 ኪሎ ይሆናል። ደረት በቀበቶ ተይዞ ቆሟል፣ ጭንቅላት ግን ጉዞውን ይቀጥላል። ውጤቱ የራስ ቅል መሠረት ስብራት ሊሆን ይችላል። ተወዳዳሪዎቹ ሮላንድ ራትዘንበርገር በ1994 ኢሞላ ላይ፣ ዴል አርንሃርት በ2001 ዴይቶና ላይ ሕይወታቸው ያለፈው በዚህ ጉዳት ነው።

የሚያበሳጨኝ መፍትሔው ሁለቱም ከመሞታቸው በፊት መኖሩ ነው። በ1981 ፓትሪክ ዣክማር የተባለ ተወዳዳሪ በሙከራ ላይ ሳለ ሞተ። ጓደኛው ጂም ዳውኒንግ ራሱ ተወዳዳሪ ነበር። ዳውኒንግ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሰውነት መካኒክስ ለሚያስተምረው አማቹ ለሮበርት ሀበርድ ችግሩን ነገረው። ሀበርድ ትከሻ ላይ ተቀምጦ በቀበቶው የሚያዝ፣ ሄልሜቱን ከግራና ከቀኝ በማሰሪያ የሚይዝ ነገር ሠራ። ያ ነው ሀንስ የምንለው። ለዓመታት ብዙ ፈላጊ አላገኘም። ያንገበግባል፣ ያፍናል፣ አንገት አያዞርም ተባለ። የአሜሪካው ውድድር ናስካር የአንገት መከላከያን ግዴታ ያደረገው አርንሃርት ከሞተ ከወራት በኋላ ነው፤ ፎርሙላ 1 ደግሞ ሀንስን በ2003። ዛሬ ለልምምድ ዙር ብቻ ነው ብሎ ሀንሱን ሳጥን ላይ ትቶ የሚወጣ አባል ሲያጋጥመኝ ያ ሁሉ ዓመት ትዝ ይለኛል። አጥሩ ልምምድ ይሁን ውድድር አይለይም።

ስለ ሄልሜት አጭር ነገር። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ለሞተር ሳይክል ነው። ለመኪና ውድድር የሚሠራው፣ የሄልሜት ደረጃ አውጪው የስኔል «ኤስኤ» ምልክት ያለው ሄልሜት በእሳትም ይፈተናል፣ ሮል ባር ላይ እንደሚመታም ተደርጎ ይፈተናል። በአምስት ዓመት ይቀየራል። ከወደቀ፣ ከተመታም ይቀየራል፤ ቀለሙ ደህና መሆኑ ምንም አይነግራችሁም።

እሳት ላይ ስንመጣ ፐርሊን እንደገና ላንሣው። ከራሱ አደጋ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1973 ዛንድቮርት ላይ፣ የሮጀር ዊሊያምሰን መኪና ተገልብጦ ተቀጣጠለ። ፐርሊ የራሱን መኪና አቁሞ ሮጠ። ብቻውን ሊገለብጠው ታገለ፤ አልቻለም። በቦታው የነበሩት የትራክ ሠራተኞች እሳት የሚቋቋም ልብስ አልነበራቸውም፣ ሊጠጉ አልቻሉም። ውድድሩም አልቆመም። ዊሊያምሰን እዚያው ሞተ።

ይህን የማነሣው ልብሳችን ስንት ሰከንድ እንደሚሰጠን እንድናውቅ ነው። ኤስኤፍአይ 5 የሚል ምልክት ያለው ልብስ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ እስኪደርስ 10 ሰከንድ ያህል ይሰጣል። 1 የሚለው ስስ ልብስ 3 ሰከንድ ነው። እሳት የሚቋቋም የውስጥ ልብስ ትንሽ ይጨምራል፤ ናይለን ያለበት ካልሲና ካናቴራ ግን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። እንግዲህ 10 ሰከንድ ካላችሁ፣ በስንት ሰከንድ ነው የምትወጡት? ሞተር ማጥፋት፣ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ መዝጋት፣ ቀበቶ መፍታት፣ መሪውን መንቀል፣ መውጣት። በጭስ ውስጥ ዓይን አያይም፣ ጣት ቦታውን ራሱ ማወቅ አለበት።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች፣ ለአዲሶቹ አባላት። ግጭቱ እንደማይቀር ሲገባችሁ መሪውን ልቀቁና እጃችሁን ደረት ላይ ሰብስቡ። ጎማው አጥር ሲመታ መሪው በኃይል ይዞራል፣ አውራ ጣትና የእጅ አንጓ ይሰብራል። ሌላው፣ የፊት ጎማችሁን ከፊታችሁ ካለው የኋላ ጎማ ጋር አታገናኙ። የእሱ ጎማ ጀርባ ወደ ላይ እየዞረ ነው፤ ሲነካችሁ ያነሣችኋል። በረራው ከዚያ ይጀምራል። ለዚያ ቀን ነው የእጅ ማሰሪያ የሚያስፈልገው፤ መኪና ሲገለበጥ ክንድ ከኮክፒቱ እንዳይወጣ።

የትራክ ሠራተኞቻችን ዛሬ እዚህ ስላሉ ፊታቸው ላይ ልበለው። በ2000 ሞንዛ፣ በ2001 ሜልቦርን፣ አሽከርካሪዎቹ ሳይሆኑ በጎ ፈቃደኛ የትራክ ሠራተኞች ናቸው በተነቀለ ጎማ የሞቱት። ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ ከባንዲራው ጀርባ ሰው አለ። በቢጫ ሥር ያልቀነሰ አባል ከእኔ ጋር የሚያደርገው ክርክር አጭር ይሆናል።

ከግጭት በኋላ የምንላት አንዲት ቃል አለች፦ «ደህና ነኝ»። ይህን መወሰን የሐኪሙ ሥራ ነው። የጭንቅላት መናወጥ የደረሰበት ሰው ቆሞ ይስቃል፣ መኪናው ይጠገንልኝ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ያስታውከዋል። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ሁለተኛ ዙር የሚገባ አይኖርም። ቅር የሚለው ካለ ቅሬታውን ለእኔ ያምጣ።

የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ሦስት የውሳኔ ሐሳብ ይዟል። ቀኑ ያለፈ ቀበቶ ወይም ሄልሜት የያዘ መኪና ከፍተሻ አያልፍም፤ የአንገት መከላከያ በልምምድም ግዴታ ይሆናል፤ ማንም ዓይኑን ተሸፍኖ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ ካልወጣ የዓመቱን ፈቃድ አያገኝም። የመጨረሻው አንጋፋዎቻችንን እንደሚያስቆጣ ሰምቻለሁ። ቀበቶ ለመቀየር አቅም ላነሳቸው ወጣቶች ደግሞ ከማኅበሩ ገንዘብ በጋራ እንድንገዛ ሐሳብ ቀርቧል፤ እኔ እደግፈዋለሁ፣ ገንዘብ ያዣችን ግን ገና አልሳቀም።

ጸሐፊያችን የመጀመሪያውን ሐሳብ ያነባሉ። የሚቃወም እጁን ያውጣ፣ እንከራከራለን። ከምሳ በኋላ ሁለት መኪና ግቢው ውስጥ ይቆማል፤ ዓይን ተሸፍኖ የመውጣቱን ፈተና ከእኔ ጀምረን እንሞክረዋለን። ሰዓት የሚይዘው የኮሚቴው አባል አይደለም፣ ከእናንተ አንድ ሰው ምረጡ። ጉባኤው ተከፍቷል።