አዋሽ ድልድይና አናት የሌለው ተራራ

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በመኪና ሄዳችሁ ከሆነ፣ መተሐራ ጋ ስትደርሱ በስተግራ የሚታየው ተራራ ትዝ ይላችኋል? ፈንታሌ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,007 ሜትር። ራስ ዳሽንን ላየ ሰው ቁመቱ ምንም አይደለም፣ ግን አናቱን ተመልከቱት፤ የለም። ድሮ ፈንድቶ ውስጡ ሲጎድል አናቱ ቁልቁል ተደርምሶ ነው እንዲህ የሆነው።

አሁን ካርታውን ወደ ምሥራቅ ሳብ እናድርገው። አዋሽ ሰባት ኪሎ። እዚህ ወንዙ የድሮውን የገሞራ አለት ዘመናት ሙሉ ሲፍቅ ኖሮ ጥልቅ ገደል ሠርቷል። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመግባት የግድ ይህን ገደል መሻገር ነበረበት፤ ስለዚህ የብረት ድልድይ ተዘረጋ፣ ሐዲዱም በ1909 ዓ.ም. ለገሃር ደረሰ።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚፈራው ተራራውን ነው። ለድልድዩ የከፋበት ግን ሰው ነው ባይ ነኝ። በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ሲሸሽ እንግሊዞች እንዳይከተሉት ብሎ አፈረሰው። አልጠቀመውም፤ ወንዙን ተሻግረው በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ ደግሞ ጥር 1977 ዓ.ም. አለ። አዋሽ አጠገብ፣ ድልድዩ ኩርባ ላይ፣ ፍጥነቱን ያልቀነሰ ባቡር ፉርጎዎቹን ይዞ ገደል ገባ። ከ400 ሰው በላይ አለቀ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከዚህ የከፋ አደጋ የለም ይባላል፣ እኛ ግን ስሙን እንኳ እምብዛም አናነሣውም።

ተራራውስ? እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ ከደቡብ ጎኑ ተሰንጥቆ ገሞራ አፍስሷል። ከዚያ ዝም አለ። መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ ነቃ፤ የቀለጠው አለት ወደ ላይ መውጣት ትቶ ከመሬት በታች አለቱን እየሰነጠቀ በጎን ተጓዘ፣ ለዚህ ነው አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያላችሁት ሌሊት ከአልጋችሁ ዘላችሁ የወረዳችሁት። ትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ የካቲት 7 የመታው፣ በሬክተር 6.0 የተለካው ነው። የአካባቢው ሰው ደግሞ መንደሩን ለቅቆ ተሰደደ።

ከተራራው ግርጌ ያለው በሰቃ ሐይቅም አያርፍም። ከስድሳና ሰባ ዓመት በፊት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ ዛሬ ከአርባ በላይ ነው። አስፋልቱንም የድሮውን ሐዲድም ውሃው ሲደርስባቸው ከፍ አድርገው ሠሯቸው። በመኪና ስታልፉ ግራና ቀኝ ውሃ ካያችሁ፣ በሰቃን እየተሻገራችሁ ነው።