ወንበሩ የማን ነው?

እናቶችና አባቶች፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እንዴት ዋላችሁ!

የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቡናው እስኪደርስ ስለ አንዲት ሴት ላውራችሁ። ትሪሻ ኮተም ትባላለች። ከሻርለት ምሥራቅ፣ ከሚንት ሂል በኩል ተመርጣ በኖርዝ ካሮላይና ዋና ከተማ በራሌ፣ የስቴቱ ምክር ቤት የምትቀመጥ ናት። ስሟን ከዚህ በፊት የሰማችሁ እስቲ እጅ አውጡ።

አያችሁ? ስለ ፕሬዚዳንቱ ቢሆን እስኪነጋ እንከራከር ነበር። አልፈርድም፤ እኔም እስከ 2023 ድረስ አላውቃትም ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

ኮተም አስተማሪ ነበረች፤ ምክትል ርዕሰ መምህርም ሆናለች። በ2007 ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት የስቴት ምክር ቤት ገባች፣ በዲሞክራት ወገን። አፏን የምትይዝ ሴት አልነበረችም። በ2015 ፅንስ ለማቋረጥ የሚጠበቀውን ጊዜ ወደ 72 ሰዓት የሚያራዝም ረቂቅ ሲቀርብ፣ ተነስታ የራሷን ታሪክ ተናገረች። እርግዝናዋ ችግር ገጥሞት ሐኪሞች እንዴት እንዳቋረጡላት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ውሳኔው የእኔ፣ የባለቤቴ፣ የሐኪሜና የአምላኬ እንጂ የእናንተ አይደለም አለቻቸው። ረቂቁ ግን አለፈ።

በዚህ አዳራሽ በዚህ ጉዳይ የተለያየ አቋም እንዳለ አውቃለሁ። ንስሐ አባቴም እዚህ ተቀምጠዋል። ዛሬ ስለሱ አልከራከርም። የማወራው ስለ ቃል ነው።

በ2016 ለኮንግረስ ተወዳድራ ተሸነፈችና ከምክር ቤቱ ወጣች። በ2022 ተመለሰች፣ አሁንም በዲሞክራትነት። ወደ ሃያ ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት አሸነፈች። የውርጃን መብት አስከብራለሁ ብላ ነው የተመረጠችው። በ2023 መጀመሪያ ላይም ያንን መብት በሕግ ለማጽናት የቀረበውን ረቂቅ ደግፋ ፈርማለች።

ከዚያ ኤፕሪል 5 መጣ። ራሌ በሚገኘው የሪፐብሊካን ጽሕፈት ቤት ቆማ ፓርቲ መቀየሯን አስታወቀች።

እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ አለ፣ ታገሡኝ። ምክር ቤቱ 120 ወንበር አለው። የስቴቱ ገዥ አንድን ሕግ ውድቅ ካደረገ፣ ያንን ውሳኔውን ለመሻር ከአምስት ሦስቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ሁሉም ከተገኙ ያ ማለት 72 ነው። ሪፐብሊካኖቹ 71 ነበሩ። በሌላው ምክር ቤት፣ በሴኔቱ፣ ሞልቶላቸዋል፤ እዚህ ግን አንድ ሰው ጎደላቸው። ያቺ አንድ ሰው ኮተም ሆነች።

ወር ከሳምንት ብቻ ቆየ። ፅንስ ማቋረጥን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከ12 ሳምንት በኋላ የሚከለክል ሕግ ወጣ። የዚያን ጊዜው ገዥ ሮይ ኩፐር ሕጉን ውድቅ አደረጉት። ሜይ 16 ምክር ቤቱ ውሳኔያቸውን ሻረባቸው፤ 72 ለ48። ከ72ቱ አንዷ እሷ ናት። በ2015 በዚያው አዳራሽ ያን ሁሉ የተናገረችው ሴት።

የመረጧት ሰዎች ምን ተሰማቸው? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ፣ ሌላ ምን ይባላል።

ግን የእሷንም ልንገራችሁ፣ ሰውን በሌለበት ማማት አይሆንም። ፓርቲው የተለየ ሐሳብ ያለውን ሰው ያሳድዳል አለች። በማኅበራዊ ሚዲያ የአሜሪካን ባንዲራና የጸሎት እጅ ምልክት በመጠቀሜ እንኳ ተወቀስኩ አለች። መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ። ኋላ ግን ቆም ብዬ አሰብኩ። እኛስ በየስብሰባችን ለየት ያለ ነገር የተናገረን ሰው ምን ነው የምናደርገው? ሰላምታ እስከመንፈግ እንደርስ የለም እንዴ?

ስለዚህ ሐሳቧን መቀየሯ አይደለም የኔ ቅሬታ። እኔም ብዙ ነገር ቀይሬያለሁ። ቅሬታዬ ሰዓቱ ነው። በኖቬምበር የተመረጠ ሰው በኤፕሪል ሌላ ሰው ሲሆን፣ ያንን ወንበር የሰጠው ሕዝብ ምን ያድርግ? ለቃ እንደገና ብትወዳደር ምን ነበረበት?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ላይ አንድ ነገር አለ። ተወካዩ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበት በሕግ መሠረት ከወንበሩ ይነሳል ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የምላችሁ፣ ሌላውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ኖርዝ ካሮላይና ግን ወረቀቱም ላይ የለም። የስቴት ተወካይን መራጩ በመሀል ማውረድ አይችልም። ሁለት ዓመት ጠብቅ ነው።

ሁለት ዓመት ደግሞ ብዙ ነው። ልጆቻችሁን የግል ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ የስቴቱ ገንዘብ ገቢ ሳይመረጥ ለሁሉም ቤተሰብ የተከፈተው በዚያው በ2023 ነው። ረቂቁን ካቀረቡት አንዷ እሷ ናት። አንዳንዶቻችሁ ተጠቅማችሁበታል፣ ደስ ይበላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ይራቆታል ብላችሁ ታዝናላችሁ። ሁለታችሁም ግን ራሌ ውስጥ ማን እንደወሰነላችሁ ሳታውቁ ነው የከረማችሁት።

እናትየዋ ፓት ኮተም የካውንቲ ኮሚሽነር ነበሩ። ልጅ ስትሄድ እሳቸው ዲሞክራት ሆነው ቀሩ። በማርች 2024 በፓርቲያቸው ማጣሪያ ተሸነፉ። የልጃቸውን ዕዳ ከፈሉ የሚሉ አሉ። እኔ በበኩሌ እናትየዋ አሳዝነውኛል።

ልጅቷስ? የምርጫ ካርታው በ2023 እንደገና ተሠራ። አዲሱ ክልሏ ማቲውስንና ሚንት ሂልን ይዞ ለሪፐብሊካን ትንሽ የሚያደላ ሆነ። በኖቬምበር 2024 በዚያው ተወዳደረች፤ አሸነፈችም። በስንት? ሦስት መቶ በማይሞላ ድምፅ። በዚያው ምርጫ ፓርቲዋ ምክር ቤቱ ውስጥ ወደ 71 ተመለሰ። ያ አንድ ወንበር እንደገና ጎደለ።

ስገባ በር ላይ ያለውን ልጅ ስንት ወንበር አዘጋጃችሁ ብዬው ነበር። 230 አለኝ። ግድግዳውን ተደግፋችሁ የቆማችሁትን አልቆጠረም።

የመራጭ ምዝገባ ቅጹ ከኋላ፣ ከፈንዲሻው አጠገብ ነው። ዜግነት ወስዳችሁ ያልተመዘገባችሁ ወደዚያ እለፉ። እስክሪብቶ ሦስት ብቻ ነው ያለን፣ የያዛችሁ ለጎረቤታችሁ አውሱ።