ቀመሩ ከስሌቱ በኋላ ይምጣ
(በጅማ በክረምት ሥልጠና መክፈቻ ላይ ለኢኮኖሚክስ መምህራን የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከየቡና ከሊሙ ገነት በዚህ የነሐሴ ጭቃ ተጉዛችሁ የመጣችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ጎበዝ ተማሪዎች የማክሮ ኢኮኖሚክስ መግቢያን እንዴት እናስተምር?» የሚል ነው። በፕሮግራሙ ላይ ስድስት ንዑስ ርዕሶች ተዘርዝረዋል። ሁሉንም እነካካለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምወስደው ግን በመጀመሪያው ላይ ነው፣ በጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት (ጂዲፒ) ልኬት። ጂዲፒ እንዴት እንደሚሰላ ራሱ ደምሮና ቀንሶ ያላየ ተማሪ ስለ ግሽበት፣ ስለ በጀት ጉድለት፣ ስለ ወለድ የምንነግረውን ሁሉ በጭፍን ነው የሚቀበለን።

ይዤ የመጣሁት አንድ ሐሳብ አለ፤ ገና ሳልጀምር ልናገረው። በክፍላችን ውስጥ ከሁሉም በላይ የምንበድለው ጎበዙን ተማሪ ነው። ያልገባው ልጅ ይጠይቀናል፣ ይሳሳታል፣ ስህተቱም ይታየናል። ጎበዙ ግን ሾርት ኖቱን በአንድ ሌሊት ይሸመድዳል፣ ከመቶ 95 ያመጣል፣ እኛም «ይሄ ጨርሷል» ብለን እናልፈዋለን። ባዶነቱን ውጤቱ ሸፈነልን። ይህን ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ጂዲፒ ፍጆታ፣ ሲደመር ኢንቨስትመንት፣ ሲደመር የመንግሥት ወጪ፣ ሲደመር ወጪ ንግድ፣ ሲቀነስ ገቢ ንግድ ነው ካልክ፣ ገቢ ንግድ ለምን ይቀነሳል? ከአሥሩ ዘጠኙ «ገንዘብ ከሀገር ስለሚወጣ» ይላችኋል። ቀጥሎም «ስለዚህ ገቢ ንግድ በጨመረ ቁጥር ጂዲፒ ይቀንሳል» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ይህን ስህተት ያስተማርነው ደግሞ እኛ ነን፤ ቀመሩን መጀመሪያ አስጽፈን፣ ስሌቱን ጨርሶ ስላላሠራን።

ታዲያ እንዴት ይሠራ? እዚህ ጅማ ሆነን ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ የለብንም። አራት ካርድ አዘጋጁ፤ አምስተኛውን ኪሳችሁ ውስጥ ደብቁ። ክፍሉን በአራት ቡድን ክፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን የማና ወረዳ ገበሬ ነው፤ 2 ኪሎ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በ300 ብር ይሸጣል። ሁለተኛው ባለመፈልፈያው ነው፤ ከ2 ኪሎ ጀንፈል 1 ኪሎ ገደማ ንጹህ ቡና ስለሚወጣ ያንን በ400 ብር ይሸጣል። ሦስተኛው ቆልቶና ፈጭቶ በ520 ብር ያስረክባል። አራተኛዋ እዚሁ ጅማ አጂፕ ሰፈር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከዚያ ዱቄት 60 ስኒ አውጥታ እያንዳንዱን በ15 ብር፣ በድምሩ በ900 ብር ትሸጣለች። ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የመርካቶን ትክክለኛ ዋጋ ካስገባችሁ ክፍለ ጊዜው በነጥብ ቤት ማካፈል ያልቃል፤ እውነተኛውን ዋጋ ተማሪዎቹ ራሳቸው ጠይቀው ለሁለተኛው ቀን ያምጡ።

አሁን «እነዚህ አራት ሰዎች ስንት አመረቱ?» በሉ። ፈጣኑ ልጅ 300፣ 400፣ 520 እና 900 ደምሮ 2,120 ይላል። አታርሙት። ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፉለትና ዝም በሉ። ከዚያ «የገበሬው ጀንፈል በዚህ ድምር ውስጥ ስንት ጊዜ ተቆጠረ?» ብላችሁ ጠይቁ። አራት ጊዜ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ቡድን ከሸጠበት ላይ የገዛበትን ይቀንስ፤ ልዩነቱ የተጨመረ እሴት ይባላል፦ ገበሬው 300፣ ባለመፈልፈያው 100፣ ቆይው 120፣ ጀበና ሻጯ 380። ድምሩ 900 ይመጣል፤ ጠጪው ከከፈለው 900 ጋር እኩል። የመጨረሻ ዕቃ ዋጋና የተጨመረ እሴት ድምር አንድ የሚሆኑት ለምን እንደሆነ መጽሐፉ በግማሽ ገጽ የሚያብራራውን ልጁ በሁለት ደቂቃ አየው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይበላሻል፤ ተጠንቀቁ። ተማሪዎች የሠራተኛ ደመወዝንም እንደ ግብዓት ይቀንሱታል። የባለመፈልፈያው 100 ብር ውስጥ 55 ደመወዝ፣ 15 የቦታ ኪራይ፣ 30 ትርፍ አለ እንበል። ከሌላ ድርጅት የተገዛ ዕቃና አገልግሎት፣ ለምሳሌ ማዳበሪያ፣ ጆንያ፣ መብራት፣ ይቀነሳል፤ ደመወዝ ግን ራሱ የተጨመረው እሴት ክፋይ ነው። ይህን ክፍፍል በየካርዱ ጀርባ ጻፉት። ካርዶቹን ገልብጠው ደመወዙን፣ ኪራዩንና ትርፉን ሲደምሩ ያው 900 ይወጣል። በምርት፣ በወጪና በገቢ የሚባሉት ሦስቱ መንገዶች ሦስት የሚሸመደዱ ትርጉሞች ሳይሆኑ የአንድ ስሌት ሦስት መቁጠሪያዎች መሆናቸው የሚገባው ያኔ ነው።

ሁሉም በ900 ሲስማማ አምስተኛውን ካርድ ከኪሳችሁ አውጡ። ጀበና ሻጯ የ60 ብር ስኳር ገዝታለች፤ ስኳሩ ከውጭ የገባ ነው። የነጋዴውን ትርፍ ለጊዜው ተዉት። ካርዱን ቀድማችሁ ካሳያችሁ ግን ትምህርቱ ፈረሰ፤ መደናገሩ ያስፈልጋል። የሷ የተጨመረ እሴት አሁን 900 ሲቀነስ 520 ሲቀነስ 60፣ 320 ሆነ። የሁሉም ድምር 840። ጠጪው ግን የከፈለው አሁንም 900 ነው። ክፍሉ ይንጫጫል። 60 ብሩ የት ሄደ? ተዉአቸው፣ ይከራከሩ። አንዱ ይደርስበታል፦ 60 ብሩ ቀድሞውንም በፍጆታው 900 ውስጥ ተደምሯል፣ እዚህ ግን አልተመረተም፤ ስለዚህ ከዚያው ተመልሶ ይወጣል። መቀነሱ ቅጣት አይደለም፤ ያለቦታው የተደመረን ማውጣት ነው። ቀመሩን ሰሌዳው ላይ የምትጽፉት አሁን ነው፣ ከዚህ አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ አይደለም።

ለጎበዞቹ እዚያ ላይ አታቁሙ። ጠጪው ስኳር ይብዛልኝ አለ፤ የስኳሩ ወጪ 120 ሆነ፣ አንዱ ስኒም 16 ብር ገባ። ፍጆታ 960፣ ገቢ ንግድ 120፣ ጂዲፒ 840። ገቢ ንግድ እጥፍ ሆነ፣ ጂዲፒ ግን ንቅንቅ አላለም! «ገቢ ንግድ ሲጨምር ጂዲፒ ይቀንሳል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተማሪው በገዛ እጁ ይሰርዘዋል። ከዚያ ወደ 60 ብሩ ተመልሳችሁ «ስኳሩ ከአርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካ ቢመጣስ?» በሉ። ፋብሪካው 60 ብር ጨምሮ ድምሩ 900 ይሆናል። ገቢ ዕቃን በሀገር ውስጥ ምርት መተካት የሚባለው የፖሊሲ ክርክር ከዚህ ይጀምራል፤ ፋብሪካው መለዋወጫውን ከየት ያመጣል የሚለውን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ይህ ሁሉ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። ሁለት! «መጽሐፉን መጨረስ አለብን፣ ጊዜ የለም» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ በየስብሰባው ይነሳል። ጊዜውማ አለ። ጊዜውን የምናጠፋው «የማክሮ ኢኮኖሚክስ ጠቀሜታዎች» የሚል ዝርዝር እያስጻፍን ነው። የጂዲፒን ጉድለቶች ከአንድ እስከ ስምንት እያስቆጠርን ነው። ለጎበዙ ልጅ ደግሞ ተጨማሪ ወርክሺት፣ ተጨማሪ ያለፉ ዓመታት ፈተና፣ እንደገና ሌላ ወርክሺት እንሰጠዋለን። የበለጠ ለሚችል ልጅ የበለጠ ገጽ መስጠት ማስተማር አይደለም!

ውጤቱን ሁላችንም አይተናል። በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ከተፈታኙ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጻሕፍት እጥረት አለ፣ ጦርነትና ወረርሽኝ አልፎብናል፣ ሁሉንም መምህር ላይ የሚጭነውን አልቀበልም። ነገር ግን መኮረጅ ሲቀር ሽምደዳ ብቻውን የት እንደሚያደርስ በዚያ ዓመት ታየ። ከዚያም በኋላ «የፈተና ዝግጅት» ብለን ያንኑ ሽምደዳ በእጥፍ ስንሰጥ ከርመናል። ይህን ማቆም የምንችለው እኛ ነን፤ ለዚህ ከላይ መመሪያ መጠበቅ የለብንም።

ወደ ልኬቱ ልመለስ፤ ለጎበዞቹ የሚሆኑ ሦስት አስቸጋሪ ቦታዎች ይቀራሉ።

አንደኛው ክምችት ነው። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል። ገበሬው ኅዳር ላይ የለቀመውን ጀንፈል ዋጋ እስኪሻሻል ብሎ ጎተራ ካስቀመጠውና ነሐሴ ላይ ከሸጠው፣ በየትኛው ዓመት ይቆጠር? በተመረተበት ዓመት፣ በኢንቨስትመንት ሥር የክምችት ጭማሪ ሆኖ። በቀጣዩ ዓመት ሲሸጥ ፍጆታው ይጨምራል፣ ክምችቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ውጤቱ ዜሮ። ቡና በሚያከማች አገር የሚኖር ልጅ ይህን ለመረዳት ከማንም የቀረበ ነው፤ እኛ ግን ስለ መኪና ፋብሪካ መጋዘን እናወራለታለን።

ሁለተኛው ቤት ውስጥ የሚቀረው ነው። ገበሬው ከራሱ ማሳ ለቅሞ ቤተሰቡ የጠጣው ቡና በግምት ዋጋ ጂዲፒ ውስጥ ይገባል፤ እናት ቆልታ፣ ወቅጣና አፍልታ የሰጠችው አገልግሎት ግን አይገባም። ያንኑ ሥራ አጂፕ ላይ ስትሸጠው ይገባል። ሳይመን ኩዝኔትስ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ምክር ቤት የብሔራዊ ገቢ ሪፖርቱን ሲያቀርብ የሕዝብ ደኅንነት በዚህ ቁጥር ብቻ እንዳይለካ አስጠንቅቆ ነበር። ይህን ለተማሪ ስትነግሩት ከስምንቱ የጉድለት ዝርዝር ይልቅ የእናቱ ድካም ይበልጥ ያሳስበዋል፤ ማሳሰብም ይገባዋል።

ሦስተኛው ላይ መምህራንም እንሳሳታለን። ሳውዲ ዓረቢያ ለዓመታት የምትኖር እህት የምትልከው ገንዘብ ከጂዲፒ ወደ ጠቅላላ ብሔራዊ ገቢ፣ ማለትም የአገሪቱ ነዋሪዎች ከአገር ውስጥም ከውጭም ወደሚያገኙት ገቢ፣ ስንሻገር ይደመራል ተብሎ ይጻፋል። አይደመርም። ከአንድ ዓመት በላይ ኑሮዋን እዚያ ያደረገች ሰው በሒሳቡ የዚያ አገር ነዋሪ ናት፤ የምትልከው የገቢ ዝውውር ነው፣ የሚታየውም ለወጪና ለቁጠባ በሚውለው ብሔራዊ ገቢ ላይ ነው፤ ይህ ብሔራዊው ገቢ ላይ ከውጭ የሚመጣው የተጣራ ዝውውር ሲደመርበት የሚገኘው ነው። ለጥቂት ወራት ሄዶ ሠርቶ የሚመለስ ሰው ደመወዝ ግን ብሔራዊ ገቢ ውስጥ ይገባል።

የተቀሩትን ባጭሩ ልለፍ።

በወቅቱ ዋጋና በቋሚ ዋጋ የሚለካውን ጂዲፒ በሁለት ዕቃ አሠሩ። አንደኛ ዓመት፦ 100 ኪሎ ቡና በ200 ብር፣ 10 ኩንታል በቆሎ በ3,000 ብር፣ ድምር 50,000። ሁለተኛ ዓመት፦ 100 ኪሎ ቡና በ400፣ 11 ኩንታል በቆሎ በ4,000፣ ድምር 84,000። በወቅቱ ዋጋ 68 በመቶ ዕድገት። በአንደኛው ዓመት ዋጋ ግን 53,000፣ ማለትም 6 በመቶ። እዚህ ተማሪው 68 ሲቀነስ 6 ብሎ የዋጋ ጭማሪው 62 በመቶ ነው ይላል። 84,000 ለ53,000 ያካፍል፤ 58.5 በመቶ ገደማ ነው። መቀነስ የሚያገለግለው መቶኛዎቹ ትንንሽ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ በእኛ አገር ቁጥሮች ብዙ ጊዜ አያገለግልም።

ግሽበት ላይ የዋጋ ደረጃንና የዋጋ ጭማሪ ፍጥነትን ለዩላቸው። የዋጋ መለኪያው በአራት ተከታታይ ዓመታት 100፣ 130፣ 156፣ 171.6 ሲሆን ግሽበቱ 30፣ 20፣ 10 በመቶ ነው። ግሽበቱ ቀነሰ፣ ዋጋው ግን አንድም ዓመት አልወረደም። በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ግሽበት ቀነሰ ሲባል ልጁ «ታዲያ ዘይቱ ለምን አልረከሰም?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ያ ነው። «ፖለቲካ አታምጣ» ብላችሁ አታስቀምጡት፤ የሒሳብ ጥያቄ ነው የጠየቀው።

የምንዛሪ ለውጡም ጥሩ መልመጃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ70 ብር አለፈ፣ በሳምንታት ውስጥም 100 ደረሰ። ያንኑ የ840 ብር ጂዲፒ በ57ና በ100 አካፍሉት። ከማሳው የተለቀመው ቡና ያው ሆኖ፣ በዶላር የተለካው ጂዲፒ ከ14.7 ወደ 8.4 ይወርዳል።

ማባዣውን፣ ማለትም አንድ ተጨማሪ ብር ወጪ ጠቅላላ ገቢን በስንት እጥፍ እንደሚያሳድግ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ስታስተምሩ የ0.8 የፍጆታ ዝንባሌ (ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ብር ገቢ ለፍጆታ የሚውለውን) ይዛችሁ «ማባዣው 5 ነው» ብላችሁ አትቁሙ፤ ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ብር 0.3 ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ቢሄድ፣ የሚቆጠበው 0.2 ተደምሮበት 1ን ለ0.5 አካፍለው 2 ብቻ እንደሚሆን ያውጡት። ብሔራዊ ባንክም በ2016 ክረምት 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም ከባንኮች ጋር የሚሠራበትን መነሻ የወለድ መጠን፣ ይዞ መምጣቱን አንሱላቸው፤ የድሮ ሾርት ኖታችሁ ላይ የለም።

ከሻይ እረፍት በኋላ በወረዳ ሳይሆን ተደባልቀን በአራት በአራት እንቀመጣለን። ካርዶቹ በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ አምስተኛው ካርድ በፖስታ ታሽጓል፣ 900 ላይ ሳትስማሙ አትክፈቱት። የየቡና የአጋሮ መምህራን የዘንድሮውን የጀንፈል ዋጋ ታውቃላችሁና ለሁለተኛው ዙር እናንተ ሙሉልን። አመሰግናለሁ።