የአንድነት ጥሪያችን ከለቅሶ ድንኳን ይጀምር

ብፁዓን አባቶች፣ የተከበራችሁ ካህናትና መጋቢዎች፣ የእድር ዳኞች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችን ጋር ይሁን።

ጌታችን በተያዘባት ሌሊት ተከታዮቹ ሁሉ አንድ እንዲሆኑ የጸለየውን ጸሎት፣ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17ን፣ ስለ አንድነት በተጠራ ጉባኤ ሁሉ እናነባለን። አንብበን፣ አሜን ብለን፣ ፎቶ ተነሥተን እንበተናለን። ሰኞ ጠዋት ሁሉም በነበረበት ነው። ሥራው ከየት እንደሚጀመር፣ ምን ከምን እንደሚቀድም፣ በማን እጅ እንደሚፈጸም ሳንነጋገር ስለምንለያይ ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ነው። ዓመታቱን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

«አንድነት» ሲባል ልቡ የሚሸሽ ምእመን አለ። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን የካቶሊክ ሃይማኖት ተቀበሉ፤ ቀጥሎ የመጡት የካቶሊኩ ፓትርያርክ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ክህነት እንደገና እንዲቀበሉ አዘዙ። አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ ንጉሡም በ1632 አዋጁን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። በአዋጅ የመጣ አንድነት በደም ተመለሰ። አንዱ ሌላውን የሚውጥበት አንድነት ከሆነ እኛም አንፈልገውም።

ሌላ መንገድ ግን አለ፤ ግማሹም ተሄዶበታል። በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው ክፍፍል ግሪኩን፣ ሩሲያዊውን፣ ሮማንያዊውን ኦርቶዶክስ ከኢትዮጵያ፣ ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከአርመንና ከሕንድ አብያተ ክርስቲያናት ለይቶ ዐሥራ አምስት ምእት ዓመት ቆየ። በ1964 የሁለቱ ወገን ሊቃውንት በዴንማርክ በኦርሁስ ተገናኙ። ስብሰባው ይፋዊ አልነበረም፤ ይህም በጎ ነበር፤ ማንም ቤተ ክርስቲያኑን ወክሎ እጅ የሚሰጥ ስላልመሰለው ሁሉም በነጻነት ተናገረ። በብሪስቶል፣ በጄኔቫ፣ በ1971 ደግሞ እዚሁ በአዲስ አበባ ቀጠሉ። «አንድ ባሕርይ» የሚለው ወገን ምን ማለቱ ነው? «ሁለት ባሕርይ» የሚለውስ ምን እንዳይጠፋበት ፈርቶ ነው? ይህን ሁለቱም ወገን ከሚቀበሉት ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከቅዱስ ቄርሎስ ጽሑፍ ጋር እያስተያዩ መረመሩ። ሁለቱም ክርስቶስን ለሁለት ከፍሏል የተባለውን ንስጥሮስን ያወግዛሉ፤ ሁለቱም የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ተውጧል ብሏል የተባለውን አውጣኬን ያወግዛሉ፤ ሁለቱም ተዋሕዶው ያለ ውላጤ (ያለ መለወጥ)፣ ያለ ቱሳሔ (ያለ መቀላቀል)፣ ያለ መከፈል፣ ያለ መለያየት መሆኑን ያምናሉ። በኋላ የተቋቋመው የሁለቱ ወገን ይፋዊ ኮሚሽንም በ1989 በግብፅ በአንባ ቢሾይ ገዳም፣ በ1990 በጄኔቫ አጠገብ በሻምቤዚ ተሰብስቦ ሁለቱም ወገን አንዱን ሐዋርያዊ እምነት ጠብቀው መኖራቸውን በጽሑፍ አሰፈረ፤ ውግዘቱም እንዲነሣ ሐሳብ አቀረበ።

ሆኖም ውግዘቱ በሁሉም ዘንድ እስከ ዛሬ አልተነሣም። ጉባኤ ያወገዘውን ማን ይፈታል የሚለው አንዱ እንቅፋት ነው። ከዚያ የሚከብደው በአንዱ ዘንድ የተወገዘው በሌላው ዘንድ ቅዱስ መሆኑ ነው፤ ግሪኮች በኬልቄዶን ዘመን የነበረውን የሮማ ጳጳስ ሊዮንን በቅዱስነት ያከብራሉ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በዚያ ጉባኤ በተሻረው በእስክንድርያው ፓትርያርክ በዲዮስቆሮስ ስም ይጠራል። ከሁሉ የጎዳው ግን ሰነዱ በሊቃውንት መደርደሪያ ላይ መቅረቱ ነው። በየደብሩና በየገዳሙ አልተነበበም፣ አልተብራራም። ምእመኑ ያልሰማውን ስምምነት እንደ ሴራ ያየዋል፤ በግሪክ የሚገኘው የአቶስ ተራራ መነኮሳትም አጥብቀው ተቃወሙት። እኛ ከዚህ የምንወስደው፣ ስምምነት ከተጻፈ በሁሉም ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ መነበብ እንዳለበት ነው።

ስለ ጥምቀትም እንዲሁ የተፈተነ ነገር አለ። በሚያዝያ 2007 በጀርመን በማግደቡርግ ካቴድራል 11 አብያተ ክርስቲያናት አንዳቸው የሌላቸውን ጥምቀት እንደሚቀበሉ ፈረሙ። በጀርመን የምትገኘው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት። መስፈርቱ አጭር ነው፤ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ በውኃ በመንከር ወይም ውኃ በማፍሰስ የተፈጸመ ጥምቀት አይደገምም። ባፕቲስቶችና ሜኖናውያን አልፈረሙም፤ የሕፃናትን ጥምቀት ስለማይቀበሉ ሕሊናቸው አልፈቀደም፣ ማንም አላስገደዳቸውም። በእኛ አገርም ጉዳዩ እንዲህ ተለይቶ መቅረብ አለበት። ሕፃናትን የሚያጠምቁት ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና መካነ ኢየሱስ በአንድ በኩል ይነጋገሩ፤ አምኖ የተናዘዘን ብቻ የሚያጠምቁት ሙሉ ወንጌል፣ ቃለ ሕይወትና መሠረተ ክርስቶስ በሌላ በኩል ይነጋገሩ። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ መደባለቅ ሁለቱንም ያበላሻል። የጋራ ቁርባን ደግሞ አሁን የሚነሣ አይደለም፤ የእምነት ስምምነት ፍሬ ነውና ከሥሩ በፊት አይጠየቅም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። መለያየታችን ሰውን የሚያቆስለው በለቅሶ ቤት ነው። አባት ኦርቶዶክስ፣ ልጅ ወንጌላዊ፣ ምራት ካቶሊክ የሆኑበት ቤት ብዙ ነው። ሰው ሲሞት የት ይቀበር፣ ማን ይጸልይ፣ በድንኳኑ ማን ምን ይናገር የሚለው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይመጣል። አስከሬን ቤት ውስጥ ተኝቶ ወንድማማቾች ሲጣሉ ያላየ ሰው እዚህ የለም።

ጠቡ የሚነሣው አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ስለሌለ ነው፤ ስለዚህ አስቀድመን እንወስን። ሥርዓቱን ሟች በሕይወት ሳለ የነበረበት ቤተ ክርስቲያን ይፈጽም። ይህ ካልታወቀ ቅድሚያ ለባል ወይም ለሚስት፣ ቀጥሎ ለልጆች ይሁን፤ የሁለቱም ወገን አገልጋዮች ቃላቸውን አክብረው ይቀበሉ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለ መቃብር የዚያች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በግድ ልግባ ማለትም፣ አስከሬን ከደጅ መመለስም ደም ያቃባል። መፍትሔው የሁሉም አብያተ ክርስቲያናት ማኅተም ባረፈበት በአንድ ደብዳቤ ከወረዳው አስተዳደር የጋራ መቃብር ቦታ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ማንም ሳይሞት ይቅረብ።

ድንኳኑ የእድሩ ነው። አግዳሚውም፣ ብረት ድስቱም፣ ገንዘቡም የሁሉም መዋጮ ነውና የማንም መስበኪያ አይሁን። ነገር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በድምፅ ማጉያው ላይ ነው። አንዱ «ጌታን ያልተቀበለ» ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው «መናፍቅ» ብሎ ይመልሳል። ተናጋሪው ከየወገኑ አንድ ብቻ ይሁን፤ ከዐሥር ደቂቃ አይለፍ፤ የሚያጽናና ቃል ይናገር፣ ስለ ሟች የዘላለም ዕጣ አይፍረድ። ለጸሎት የቆመውን ሌላው በዝምታ ይጠብቀው። በጾም ቀን ለሁሉም የጾም ወጥ ይሠራ፤ የማይጾም ሰው ሽሮ በልቶ ይውላል፣ የሚጾም ግን ሥጋ ሊበላ አይችልም። ተዝካር የማያወጣ ቤተሰብ ሟቹን እንደናቀ ተቆጥሮ አይወቀስ፤ የሚያወጣውም አይሰደብ።

ከዚሁ ጋር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደ ሰው የቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑን በመድረክ ላይ እንዲያዋርድ ማድረግ ይቁም። ምስክርነቱን ይስጥ፤ የእናቱን ታቦት ወይም የወንድሙን ዝማሬ ማላገጫ አያድርግ። በኢንተርኔት የሚለቀቀው ቪዲዮ ያፈረሰውን ሽማግሌ በዓመት አይጠግነውም።

ስለ ጸሎት ሳምንቱ አንድ ነገር እናንሣ። በዓለም ዙሪያ የክርስቲያኖች አንድነት የጸሎት ሳምንት የሚውለው ከጃንዋሪ 18 እስከ 25 ነው። የመጀመሪያው ቀን በእኛ ጥር 10 ማለት ነው፤ ከተራ! ካህናቱ ታቦት አጅበው ጥምቀተ ባሕር በሚያድሩበት ሰሞን ጠርተናቸው «ኦርቶዶክሶች አልመጡም» ማለት አግባብ አይደለም። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ያሉ ብዙዎች በጰራቅሊጦስ ሰሞን ያደርጉታል። ለእኛም በፋሲካና በጰራቅሊጦስ መካከል ያሉት ሃምሳ ቀናት ይመቻሉ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም አብሮ ማዕድ መቁረስ ይቻላል። ደግሞም ሌላው ዓለም ፋሲካን በተለያየ ቀን እያከበረ ሲከራከር በአገራችን ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ወንጌላዊውም በአንድ ቀን «ተነሥቷል» ይላል። ይህን ጸጋ ይዘን ሌላ ቀን መዋስ አያስፈልገንም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። እያንዳንዱ አጥቢያ ሦስት ሰው ይላክ፤ አንድ አገልጋይ፣ አንዲት እናት፣ አንድ የእድር ዳኛ። ስለ ቀብርና ስለ ድንኳን ያነሣነውን ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ ያርቅቁት። ረቂቁ ለየቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ቀርቦ ይታረም፤ አንዱ ወገን እንኳ ያልተቀበለው አንቀጽ ካለ ይውጣ፣ የቀረው ይጽደቅ። ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ባለው እሑድ በሁሉም አጥቢያ ይነበብ፤ ቅጂውም በየእድሩ ዕቃ ቤት ይለጠፍ። በማርቀቁ ለመሳተፍ የፈቀዳችሁ ከአዳራሹ ሳትወጡ ስማችሁን አስመዝግቡ። እግዚአብሔር ይስጥልን።