ዊንዶውስ «በነጻ» እያለ ሰው ለምን ሊኑክስ ይጭናል?

(መክፈቻ። የላፕቶፕ ስክሪን በቅርበት። ከታች በስተቀኝ ጥግ ግራጫ ጽሑፍ ይታያል።)

ይህችን ጽሑፍ ታውቋታላችሁ። ስክሪኑ ላይ በስተቀኝ፣ ከታች ጥግ ላይ ደብዘዝ ብላ የምትቀመጠዋን። ዊንዶውሱን አክቲቬት አድርግ ትላለች። ፊልም ስታዩም አለች፣ ሲቪ ስትጽፉም አለች። ከመልመዳችን ብዛት ዓይናችን ዘሏት ያልፋል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሊኑክስ ነው። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ኩባንያ የሚሸጠው ኦፕሬቲንግ ሲስተም እያለ ሰው ለምን ነጻውን፣ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት መመሪያ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ይመርጣል? ውጭ አገር የሚሠሩ ቪዲዮዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከዋጋ ነው። ዊንዶውስ 11 ሆም 139 ዶላር ይሸጣል፣ ሊኑክስ ምንም አያስከፍልም። ይህን ብለው ወደ ሌላው ነጥብ ያልፋሉ።

እኛ አገር ግን ይህ መልስ ማንንም አያሳምንም። 139 ዶላር ከፍሎ ዊንዶውስ የገዛ ሰው እኔ በአካል አግኝቼ አላውቅም። አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ሳይገዛ ቁልፉ የተሰበረውን ነው። ጥገና ቤት ሄደን የምንከፍለው ፎርማት ላደረገልን ልጅ ነው እንጂ ለማይክሮሶፍት አይደለም። ከኪሳችን አንጻር ሁለቱም በነጻ ናቸው። ታዲያ ምን አለፋን? ለምን አዲስ ነገር እንማር?

እኔ መልሱን ያገኘሁት በእህቴ ላፕቶፕ ነው።

(ፎቶ፦ ጥቁር ላፕቶፕ፣ አንዱ ማጠፊያው በፕላስተር የተያዘ።)

ላፕቶፑን የላከችልን ውጭ ያለችው አክስታችን ናት። 4 ጊጋባይት ራም፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ። እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው በዚህ ነበር። ጠዋት ታበራዋለች፣ ጀበናውን ትጥዳለች፣ ቡናው ሲፈላ ዎርድ ገና እየከፈተ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደረገ። በሦስተኛው ጊዜ ጥገና ቤት ያለው ልጅ ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ያለውን ሳይገለብጥ ሁሉንም አጠፋው። አያታችን ከማረፏ በፊት ያሳለፈችው የመጨረሻው ፋሲካ ፎቶዎች እዚያ ነበሩ። ሌላ ቦታ አልነበሩም።

ልጁን ተናድጄበት ነበር። በኋላ ግን ሌላ ነገር ማሰብ ጀመርኩ። አንድ ኮምፒውተር በየአራት ወሩ ፎርማት የሚፈልገው ለምንድነው?

ክራክ ስታደርጉ የመጀመሪያው መመሪያ ምን እንደሚል አስታውሱ። «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ማን እንደሠራው የማታውቁትን ፕሮግራም ታወርዳላችሁ። ጥበቃውን ታጠፋላችሁ። ከዚያ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሰጥታችሁ ታስነሡታላችሁ። እንዲህ ባሉ ፕሮግራሞች ውስጥ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ተጠቅልሎ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። በዚያ ላይ ክራኩ እንዳይነቃ ተብሎ አፕዴት ይዘጋል። አፕዴት ሲዘጋ ቀዳዳው ሳይደፈን ይቀራል። አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ይሰካል። ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ቁጭ ይላሉ። ከዚያ እንደገና ፎርማት።

ገንዘብ አላወጣንም፤ ግን ስንከፍል ነው የኖርነው።

(ምስል፦ ትልቅ የቢሮ ፕሪንተር።)

አሁን ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። 1980 አካባቢ፣ አሜሪካ፣ ኤም.አይ.ቲ የሚባለው ተቋም። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ ወጣት ፕሮግራመር በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ላብራቶሪው ይሠራል። የላብራቶሪው ፕሪንተር ወረቀት እየነከሰ ያስቸግራል። ሰው ሥራውን ይልክና ቆይቶ ሲሄድ፣ ማሽኑ ገና ድሮ ቆሞ ያገኘዋል። ስቶልማን የፕሪንተሩን ኮድ ከፍቶ አንድ ነገር ጨመረበት። ወረቀት ሲይዝ፣ ሥራቸውን ለሚጠብቁት ሁሉ መልእክት ይደርሳቸዋል። አንዱ ተነሥቶ ሄዶ ያስተካክለዋል። ትንሽ ነገር ናት፤ የሁሉንም ሰው ቀን ግን አቀለለች።

ከዚያ ከዜሮክስ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር በስጦታ መጣ። ፈጣን ነው፣ ግን እሱም ወረቀት ይነክሳል። ስቶልማን ያችኑ ማስተካከያ ሊያደርግ ሲል ኮዱ የለም። ማሽኑ የመጣው ኮዱ ተቆልፎበት ነው። ኮዱ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሰው ጋ እንዳለ ሰማና ሄዶ ጠየቀው። ሰውየው ለማንም እንዳይሰጥ ውል ፈርሜአለሁ ብሎ ከለከለው።

ዓይናቸው ሥር የቆመ ማሽን ነው። ችግሩን ያውቁታል። መፍትሔውን ያውቁታል። መንካት ግን አይችሉም። ስቶልማን ይህን ነገር ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። በ1983 ማንም ሰው ኮዱን አይቶ ሊያስተካክለው የሚችል ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እሠራለሁ ብሎ አወጀ። ስሙንም ግኑ አለው።

እዚህ ላይ የቋንቋችንን አንድ ነገር ላንሣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። «በነጻ» ስንል ያለ ክፍያ ማለታችን ነው። «ነጻ ሰው»፣ «ነጻ አገር» ስንል ግን ስለ ገንዘብ አናወራም። ስቶልማን የፈለገው ሁለተኛውን ነው። ፕሮግራሙን ለፈለጋችሁት ሥራ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ውስጡን ታያላችሁ፣ ለጎረቤት ታካፍላላችሁ፣ ያስተካከላችሁትንም ታካፍላላችሁ። ሸጣችሁት ገንዘብ ብታገኙበትም ችግር የለም። የእህቴ ክራክ ዊንዶውስ በነጻ የተገኘ ነበር እንጂ ነጻ አልነበረም።

(ስክሪን ላይ፦ ኦገስት 25 ቀን 1991።)

በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ የ21 ዓመት ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ከግኑ የጎደለውን ክፍል፣ ማለትም ፕሮግራሞችን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘውን እምብርት፣ ከርነሉን፣ መጻፍ ጀመረ። ሊኑክስ የተባለው ይህ ነው። ለትርፍ ጊዜ ብቻ እንደሆነና ትልቅ ነገር እንደማይሆን ራሱ ጽፏል። በቀጣዩ ዓመት ስቶልማን ለነጻ ሶፍትዌር ባዘጋጀው የአጠቃቀም ፈቃድ ሥር ለሁሉም ለቀቀው። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ከሥር የሚሠራው ሊኑክስ ነው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም በፍጥነት ቀዳሚ የሆኑት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። አፍሪካም ድርሻ አላት። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ በ2004 ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት አስጀመረ። ስሙን የወሰደው ሰው ሰው የሚሆነው በሌላው ሰው ነው ከሚለው የአገሩ አስተሳሰብ ነው። ለዓመታት የኡቡንቱን ሲዲ ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ ያለ ክፍያ ይልኩ ነበር።

ግን ኮዱን ማየት ለእኔና ለእናንተ ምን ይፈይዳል? አብዛኞቻችን ኮድ ማንበብ አንችልም። ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱን በአንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

(ስክሪን ላይ፦ ጥቁር ተርሚናል፣ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።)

ማርች 2024። አንድረስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ዴቢያን በሚባለው ሊኑክስ ላይ የዳታቤዝ ፍጥነት እየፈተሸ ነው። ወደ ማሽኑ ከርቀት ሲገባ አንድ ነገር ተሰማው። መግቢያው ዘገየ። ስንት? ግማሽ ሰከንድ ያህል። እኔ ብሆን ኔትወርኩ ነው ብዬ አልፈው ነበር። እሱ አላለፈም። ፕሮሰሰሩን ምን እንደሚያደክመው ክር በክር ተከተለው። መጨረሻ ላይ ኤክስዜድ የምትባል ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ጋ ደረሰ። ውስጧ የተደበቀ የኋላ በር፣ ማለትም ሌላ ሰው በስውር ወደ ማሽኑ የሚገባበት መንገድ ነበር። በሩን ያስገባው ሰው በሐሰተኛ ስም ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት ሲሠራ፣ እምነት ሲያተርፍ ቆይቷል። ፕሮግራሟን የሚንከባከበው አንድ በጎ ፈቃደኛ ብቻ ነበርና ደክሞት እገዛውን ተቀበለ።

ይህ ታሪክ ሁለቱንም ያሳያል፤ አንዱን ብቻ ብነግራችሁ ደግ አላደርግም። ክፍት መሆኑ ክፉ ሰው እንዳይገባ አላገደም። አንድን ትልቅ ነገር በአንድ የደከመ ሰው ትከሻ ላይ መተውም ስሕተት ነው። ግን ፍሮይንድ ጥርጣሬውን እስከ ሥሩ የተከተለው ኮዱ ክፍት ስለነበረ ነው። የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። ደግሞ የሚሠራው ማይክሮሶፍት ውስጥ ነው። ያገኘውን በይፋ ጻፈ። የተበከለው ቅጂ ወደ አብዛኛው ተጠቃሚ ከመድረሱ በፊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነቀለ። እኔ ኮድ ባላነብም፣ ማንበብ የሚችል ሰው እንዳይከለከል እፈልጋለሁ።

ለእኛ ፊደልም ይህ ነገር ቅርብ ነው። የቆያችሁ ሰዎች ታስታውሳላችሁ። ድሮ እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር ፊደሎቹን የሚያስቀምጠው በራሱ መንገድ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ይሆናል። የራሳችንን «ሀ ሁ» ለማንበብ የአንድ ሻጭ ዲስክ ያስፈልገን ነበር። በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ፣ ማንም ሊጠቀምበት በሚችል የጋራ መስፈርት ላይ ቆመ። አሁን ሊኑክስ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ከሴቲንግ ውስጥ ትመርጣላችሁ፤ ለብቻው የሚገዛ ነገር የለም። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት በነጻ ፈቃድ የወጣ ነው፤ ቅርጹን ማሻሻል የሚፈልግ ይችላል። ጂኖም የሚባለውን የሊኑክስ ገጽታ ምናሌዎች በከፊል ወደ አማርኛ የመለሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የአማርኛ ተናጋሪ ገበያ ያዋጣል አያዋጣም ብሎ የሚወስን የሽያጭ ክፍል አልጠበቁም። ይህ እኔን ከሁሉም በላይ ይነካኛል።

(ወደ ጥቁሩ ላፕቶፕ እንመለስ።)

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማለት ነው። ለተወሰነ ጊዜ ማራዘሚያ አለ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የእህቴ ላፕቶፕ ይህን አያሟላም። ኪቦርዱ ይሠራል፣ ስክሪኑ ይሠራል፣ ግን ጊዜህ አልፏል ተብሏል። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ግን 2 ጊጋባይት ራም ካገኘ ይነሣል፤ 4 ቢሆን ይመረጣል። ቀለል ያለውን፣ ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ የሚባለውን ጫንኩላት። አሁን ቡናው ሳይፈላ ሥራ ትጀምራለች።

እሷ በጣም የወደደችው ግን ሌላ ነገር ነው። አፕዴት ሲኖር ሚንት በዝርዝር ያሳያታል፤ የመረጠቻቸው በጠቅላላው ስንት ሜጋባይት እንደሆኑም ይነግራታል። እሺ እስክትለው ምንም አይጭንም። በፓኬጅ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሊኑክስ የማይሆናቸው ሰዎችም አሉ። የሂሳብ ሥራችሁ ፒችትሪ ላይ ከሆነ ዊንዶውስ ያስፈልጋችኋል። አውቶካድም ፎቶሾፕም ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠሩም። ሊኑክስ ላይ በዎርድ ፈንታ የምንጠቀመው ሊብሬኦፊስ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ ሠንጠረዥ የበዛበት ሰነድ ግን አንዳንዴ ይዛነፋል። እህቴ ጽሑፏን ለአማካሪዋ ስትልክ በፒ.ዲ.ኤፍ አድርጋ ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋይ ወዲያው ላይነሣ ይችላል። ሥራችሁ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ከቆመ፣ የማንም ቪዲዮ ገፋፍቷችሁ አትቀይሩ። የእኔም ቢሆን።

መሞከር ለምትፈልጉ ግን አንድ ቀላል መንገድ አለ። ከማንኛውም ሥራ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ዲ ላይ ያለውንም። ከዚያ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ፈልጉ። የሚንትን ፋይል ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ፤ 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሂዱ። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፉት። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ባዶ ይሁን። ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሡት።

ሚንት ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ይነሣል። ዋይፋዩን ሞክሩ። ድምፁን ሞክሩ። አማርኛ ጻፉበት። ጫን የምትለዋን ምልክት እስካልነካችሁ ድረስ ምንም አይቀየርም። ካልወደዳችሁት ኮምፒውተሩን አጥፉና ፍላሹን ንቀሉት። ስታበሩት የድሮው ዊንዶውሳችሁ፣ ከነግራጫ ጽሑፉ፣ እንደነበረ ታገኙታላችሁ።

(የእህቴ እጅ ላፕቶፑን ሲያጥፍ። ስክሪኑ ይጠፋል።)